ፌኒልአላኒን የሚበላ ባክቴሪያ፦ ለፒኬዩ ሕሙማን የታሰበ የተማሪዎች ፕሮጀክት፣ አስተያየታችሁን እንፈልጋለን

ወለላ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የማጠናው ሥነ ሕይወት ነው። ከጓደኞቼ ጋር ለአይጄም ውድድር ፕሮጀክት ይዘናል። አይጄም በ2003 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንደ አጭር ኮርስ ተጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት 5 ቡድኖች የተሳተፉበት ውድድር ሆነ። ዛሬ ከየአህጉሩ የሚመጡ ተማሪዎች በየዓመቱ ፓሪስ ተሰብስበው የባክቴሪያን ወይም የእርሾን ዘረመል ለውጠው ምን እንዳሠሩት ያሳያሉ።

የመረጥነው በሽታ ፌኒልኬቶንዩሪያ ነው፤ በአጭሩ ፒኬዩ ይባላል። ከምንበላው ፕሮቲን የሚገኘውን ፌኒልአላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ታይሮሲን ይለውጠዋል። ልጅ ከእናቱም ከአባቱም የተበላሸ ጂን ከወረሰ ይህ ኢንዛይም አይሠራለትም። ፌኒልአላኒኑ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ አንጎልንም ይጎዳል። ሕፃኑ ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል። ካልታከመ ግን ከወራት በኋላ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል፤ የሚጥል በሽታና ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ይከተላል።

ሐሳባችን ይህ ነው። ኢ. ኮላይ ኒስል የሚባል ጉዳት የማያደርስ የአንጀት ባክቴሪያ አለ። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስል በ1917 ያገኘው ከአንድ ወታደር ሰገራ ነው፤ ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ ወታደሩ ጤነኛ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ባክቴሪያው ለአንጀት ሕመም መድኃኒትነት ለረጅም ዘመን ሲሸጥ ቆይቷል። እኛ በዚህ ባክቴሪያ ውስጥ ፌኒልአላኒንን የሚሰብር ኢንዛይም የሚሠራ ጂን እናስገባለን። ታማሚው በአፉ ይወስደዋል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ፌኒልአላኒኑን ወደ ደም ከመግባቱ በፊት አንጀት ውስጥ ይበላዋል።

እስካሁን ያነጋገርናቸው ቤተሰቦች ሁሉ አሜሪካውያን ናቸው። ገበታው እንጀራና ሽሮ በሆነበት ቤት ይህ በሽታ ምን እንደሚመስል የነገረን የለም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ይህ ነገር ከበሽታው ጋር ለሚኖር ሰው በእርግጥ ይጠቅመዋል ወይ? ያላየነው ምን አለ?

---

ዳሞት

ወለላ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው የሄደበት መንገድ መሆኑን ከመጀመሪያው ዕወቁት። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። ቀዳሚዎቹ እስከ የት እንደ ደረሱና የት ላይ እንደ ቆሙ ካላወቃችሁ ያንኑ መንገድ ትደግሙታላችሁ።

ሲንሎጂክ የተባለ የማሳቹሴትስ ኩባንያ እናንተ ያሰባችሁትን ባክቴሪያ ሠርቶ ነበር፤ ኒስል ራሱን። በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ኢንዛይም አስገቡበት። አንደኛው ፌኒልአላኒንን ወደ ሲናሚክ አሲድ የሚለውጠው ፓል ነው፤ ጂኑን የወሰዱት ፎቶራብደስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው ኦክስጅን ሲኖር ብቻ የሚሠራ ሌላ ኢንዛይም ነው። በተጨማሪም ፌኒልአላኒንን ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያስገባውን አጓጓዥ ፕሮቲን አበዙለት፤ ምክንያቱም ኢንዛይሙ ምንም ያህል ቢጎብዝ ምግቡ በሩን አልፎ ካልገባለት ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ፒኬዩ ባለባቸው አይጦች ላይ ሲሞከር የደም ፌኒልአላኒን ከማነጻጸሪያው ቡድን በ38 በመቶ ዝቅ አለ።

በዚያ ጥናት እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ቅነሳው አይጦቹ በበሉት ፕሮቲን ላይ የተመሠረተ አለመሆኑ ነው። ፌኒልአላኒን ከደም ወደ አንጀት ተመልሶ ይገባል፤ ቆሽት የሚያመነጨው ፈሳሽ በራሱ ፕሮቲን አለበት። ስለዚህ አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ዛሬ የተበላውን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ በደም ውስጥ ከነበረውም ሊቀንስ ይችላል።

ከዚያ በሰው ላይ ተሞከረ። የተሻሻለው ዝርያ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ የሕክምና ሙከራ ደረሰ። በየካቲት 2024 ግን ኩባንያው ሙከራውን አቆመ፤ የውስጥ ግምገማ ሲያደርግ የታቀደውን ውጤት የማያሳይ መሆኑን ተረድቶ ነው። ያቆመው ባክቴሪያው ሰው ስለ ጎዳ አልነበረም። አብዛኞቹ ሠራተኞችም ተሰናበቱ።

እንግዲህ በገንዘብም በሰውም የደረጀ ኩባንያ ያልጨረሰውን ተማሪዎች በአንድ ክረምት እንዲጨርሱ የሚጠብቅ የለም። ከእናንተ የሚጠበቀው አንድ ጥያቄ መርጣችሁ በደንብ መመለስ ነው። የትኛውን ጥያቄ እንደ መረጣችሁ ንገሩን።

---

እናት ከአዲስ አበባ

ልጄ ወለላ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ስለዚህ በሽታ በአማርኛ የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛው ልጄ ፒኬዩ አለበት። ሲወለድ ደህና ነበር፤ ፀጉሩ ከእኛ ሁሉ የቀላ ነበርና ሰው ሁሉ ያደንቀው ነበር። በኋላ እንደ ተነገረን እሱም ምልክት ኖሯል፤ ታይሮሲን ሲያንስ የፀጉርና የቆዳ ቀለም ይሳሳል። መቀመጥ ዘገየበት። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረው። የወሰድነው ቦታ የሚጥል በሽታ ነው አሉን፤ መድኃኒት ሰጡን። ሽንቱ የሻገተ ነገር ይሸታል ብዬ ብናገር ትኩረት የሰጠኝ አልነበረም። አንዲት ወጣት ሐኪም ናት ደሙ ውጭ አገር ተልኮ እንዲመረመር ያደረገችው። ውጤቱ ሲመጣ ልጄ ዓመቱን አልፎ ነበር።

አሁን በምግቡ ተጠንቅቀን ይዘነዋል፤ መንቀጥቀጡ ቆሟል፤ ይራመዳል፣ ጥቂት ቃላት ይናገራል። የጠፋው ግን ጠፍቷል።

ስለ ገበታችን ጠይቀሻል። ሰው ሁሉ የሚመክረኝ «የጾም ምግብ ስጪው፣ ሥጋና ወተት ከልክዪው፣ በቃ» እያለ ነው። ዘመዶቼም ጎረቤቶቼም በቅንነት ነው የሚሉት። የጾም ምግባችን ግን ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ክክ ነው፣ ሱፍ ነው። ለልጄ እነዚህ ሁሉ ልክ እንደ ሥጋ ናቸው። በዓል ሲመጣ ጎረቤት ጉርሻ ይዞ ይመጣል፤ እምቢ ስል ንፉግ ወይም ክፉ እመስላለሁ። ልጁ እጁን ይዘረጋል። እሱን ማየት ነው የሚከብደኝ።

ከፌኒልአላኒን ነፃ የሆነው ልዩ ዱቄት እዚህ ገበያ ላይ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ይዞልን ይመጣል። ያለቀ ቀን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ባክቴሪያችሁ ልጄን እንደ ማንኛውም ልጅ እንዲበላ ያደርገዋል ወይስ በትንሹ ብቻ ያግዘዋል? እውነቱን ንገሪኝ፤ ትንሽም ቢሆን አልንቀውም።

---

የእንሰት ልጅ

እናታችን፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ገበታው በቁጥር ላስረዳ። ተማሪዎቹም ያስፈልጋቸዋል።

በምግብ ፕሮቲን ውስጥ 5 በመቶ ገደማው ፌኒልአላኒን ነው፤ ማለትም 1 ግራም ፕሮቲን 50 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። ከባዱ ዓይነት ፒኬዩ ያለበት ሕፃን በቀን የሚችለው በአብዛኛው ከ250 እስከ 350 ሚሊግራም ነው። አሁን ሽሮውን እንይ። የጥራጥሬ ዱቄት ከ100 ግራሙ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው። 30 ግራም የሽሮ ዱቄት 6 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው፤ 300 ሚሊግራም ፌኒልአላኒን። የልጁ የሙሉ ቀን ድርሻ በአንድ ትንሽ ሳህን ሽሮ አለቀ፤ እንጀራው ገና አልተቆጠረም። ጤፍ ደግሞ ከእህል ሁሉ በፕሮቲን ደኅና ከሚባሉት ነው፤ ከ100 ግራም ዱቄት 12 ግራም ገደማ። ለሌላው ሕዝብ የምናወድስለት ነገር ለእነዚህ ልጆች ዕዳ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አገራችን ውስጥ አለን፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቆጮና ቡላ። የእንሰት ምግብ በሥነ ምግብ ትምህርት ሁልጊዜ የሚነቀፈው ፕሮቲኑ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ነው። ፒኬዩ ላለበት ልጅ የሚፈለገው ግን ይኸው ነው። አውሮፓ ውስጥ ፕሮቲን የወጣለት ዱቄት በፋብሪካ ተሠርቶ በውድ ይሸጣል፤ ቡላ በተፈጥሮው ለዚያ የቀረበ ነው። የቡላ ገንፎ ወይም ቂጣ በአትክልት ወጥ ማለትም በጎመን፣ በካሮትና በዱባ ቢቀርብ የልጁ ሆድ ይሞላል። አትክልቱም ቢሆን በልክ ነው፤ ቅቤም ተነጥሮ የወጣው ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገሩና ደሙ ሳይለካ ግን ምንም አይቀየር። ልዩ ዱቄቱንም ቡላ አይተካውም፤ ልጁ ለእድገት የሚያስፈልጉትን ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች የሚያገኘው በአብዛኛው ከዚያ ነው።

---

እናት ከአዲስ አበባ

ቡላ! የባለቤቴ እናት ወልቂጤ ናቸው፤ በየጊዜው ይልኩልናል፤ እኛ ለእንግዳ ነበር የምናስቀምጠው። ሐኪሟን እጠይቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

ጣና

የሁላችሁንም ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ ለእናቲቱ ልቤ ነው የተነካው። ይሁን እንጂ የሚያሳስበኝን ሳልናገር አላልፍም። ዘረመሉ የተለወጠ ባክቴሪያ ሕፃን ልጅ አንጀት ውስጥ ማስገባት ቀላል ነገር አይደለም። ባክቴሪያ ይራባል፤ በሰገራ ይወጣል፤ በአገራችን ደግሞ ሰገራ በየጅረቱ ነው የሚሄደው። የተማሪዎች ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን እንደሚይዙም አውቃለሁ። መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያን ያስጨነቁን አይበቃም? ይህን ማን ይቆጣጠረዋል?

---

ዳሞት

ጣና፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በየተራ ልመልስ።

ከአንቲባዮቲኩ ልጀምር። በተማሪ ሥራ የተለመደው አዲሱን ጂን ፕላስሚድ በሚባል ክብ ዲኤንኤ ላይ ማስቀመጥና ባክቴሪያው እንዳይጥለው የአምፒሲሊን ወይም የካናማይሲን መቋቋሚያ ጂን አብሮ ማያያዝ ነው። ለሙከራ ቱቦ ይህ ይበቃል። ለሰው አንጀት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ፕላስሚድ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላልና። መፍትሔው ጂኑን በባክቴሪያው ክሮሞሶም ላይ መትከልና የመቋቋሚያውን ጂን ማውጣት ነው። ወለላ፣ በክረምቱ ጊዜ ካጠራችሁ በፕላስሚድ ሥሩ፤ ነገር ግን ስታቀርቡ ይህ መድኃኒት አለመሆኑን በግልጽ ተናገሩ።

መራባቱን በተመለከተ፣ የሲንሎጂክ ሰዎች ያደረጉት ዳፕኤ የሚባለውን ጂን ማጥፋት ነበር። ያ ጂን የሌለው ባክቴሪያ የሕዋሱን ግድግዳ ለመሥራት የሚያስፈልገውን አንድ ግብዓት ከውጭ ካልሰጡት በቀር መራባት አይችልም። ግብዓቱን ላቦራቶሪ ውስጥ ይሰጡታል፤ በአንጀትም ሆነ በጅረት በሚያስፈልገው መጠን አያገኘውም። ሥራውን ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ይወጣል። ለዚህም ነው በየቀኑ መውሰድ የሚያስፈልገው።

ሌላው ደግሞ የአይጄም ደንብ ነው፤ ቡድኖች የሠሩትን ሕያው ነገር ከላቦራቶሪ ውጭ እንዲለቁ አይፈቀድላቸውም፤ በሰው ላይ መሞከርማ አይታሰብም።

---

ጣና

ስለ ዳፕኤ አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ስጋቴ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተወገደም፤ ግን ስለ እናንተ ቡድን ከሆነ ሥራው ከላቦራቶሪ እስካልወጣ ድረስ ተቃውሞ የለኝም።

---

ሊያ ከፍራንክፈርት

እኔ ራሴ ፒኬዩ አለብኝ። ጀርመን አገር ስለ ተወለድኩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተረከዜ ደም ተወስዶ ታወቀልኝ፤ ተማርኩ፣ ሥራ ይዣለሁ። ከአዲስ አበባ የጻፉትን እናት ሳነብ አለቀስኩ። በእኔና በልጅዎ መካከል ያለው ልዩነት የተወለድንበት ሆስፒታል ብቻ ነው።

ለተማሪዎቹ የምለው አለኝ። እስካሁን ሁሉም ስለ ሕፃናት ነው የተናገረው። እኛ ያደግነው አለን። ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ በየቀኑ ይጠጣል፤ ሽታው ከባድ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ደብቄ ነበር የምጠጣው። ብዙዎች በወጣትነታቸው አመጋገቡን ይተዉታል። ያን ጊዜ ትኩረት ማጣት፣ ጭንቀት፣ ድብርት ይመጣል፤ ሰው ስንፍና ይለዋል። አውሮፓ ውስጥ ከ12 ዓመት በታች በደም ውስጥ እንዲኖር የሚመከረው የፌኒልአላኒን መጠን በሊትር ከ120 እስከ 360 ማይክሮሞል (የሞለኪውል ብዛት መለኪያ) ነው፤ ከዚያ በላይ ላለነው እስከ 600 ይፈቀዳል።

ሴት ስትሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከመፀነስ በፊት ጀምሮ መጠኑን ወደ 360 እና ከዚያ በታች ማውረድ ግዴታ ነው። ካልሆነ ፅንሱ ፒኬዩ ባይኖርበትም የእናቱ ፌኒልአላኒን በእንግዴ ልጅ አልፎ ይጎዳዋል፤ ጭንቅላቱ አንሶ፣ ልቡ ታሞ ሊወለድ ይችላል። እኔ አግብቻለሁ፤ ልጅ እፈልጋለሁ። ይህን እያሰብኩ ነው እያንዳንዷን ቁራሽ ዳቦ የምመዝነው።

መድኃኒቶች አሉ። ሳፕሮፕተሪን ኢንዛይማቸው በጥቂቱ ለሚሠራ ሰዎች ይረዳል፤ እኔን አልረዳኝም። ከ2018 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ቀጥሎም በአውሮፓ የተፈቀደው ፔግቫሊያዝ በመርፌ ይሰጣል፤ ለአንዳንዶች አመጋገባቸውን ነፃ አውጥቶላቸዋል፤ ነገር ግን ሰውነት ሊቆጣ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል፤ ለእርግዝና የሚታሰብም አይደለም። በአፍ የሚወሰድ፣ ወደ ደም የማይገባ ነገር ለእኔ ዓይነቷ ሴት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። የሲንሎጂክ ሙከራ ሲቆም በሕሙማን ማኅበራችን ውስጥ ሐዘን ነበር።

አንድ ልመና አለኝ፤ በፖስተራችሁ ላይ «ፈውስ» ብላችሁ አትጻፉ። ስንት ጊዜ አንብበነዋል።

---

መምህሩ

ልጆቼ፣ በጡረታ ላይ ያለሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ውይይታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል፤ የአንድ ሰው ታሪክ ላንሣ።

ይህ በሽታ መኖሩ የታወቀው በ1934 ኖርዌይ ውስጥ ነው። ቦርግኒ ኤገላንድ የምትባል እናት ሊቭና ዳግ የሚባሉ ሁለት ልጆቿ ወደ ኋላ እየቀሩባት፣ ሽንታቸውም እንግዳ ሽታ እያለው፣ ሐኪም ለሐኪም ስትዞር ኖረች። ከአዲስ አበባ የጻፉልን እናት ያሉትን ልብ በሉ። በመጨረሻ አስቢዮርን ፎሊንግ የሚባል ኬሚስትሪም የተማረ ሐኪም ሽንቱን ተቀብሎ የብረት ክሎራይድ ጨመረበት፤ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ሞለኪውሉን ለይቶ አወጣው። ለእነዚያ ሁለት ልጆች ግን ዘግይቶ ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊው ሮበርት ገትሪ ርካሽ ምርመራ ፈለሰፈ። ከሕፃኑ ተረከዝ ጠብታ ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይደርቃል። ከወረቀቱ ትንሽ ክብ ቁራጭ ተበስቶ ይወጣና ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል) ላይ ይቀመጣል። አጋሩ ውስጥ ባክቴሪያውን እንዳያድግ የሚያግድ ፌኒልአላኒንን የሚመስል ነገር አለ። ደሙ ውስጥ ፌኒልአላኒን ከበዛ እገዳው ይሸነፋል፤ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያው ያድጋል፤ ዓይን ያየዋል። በ1963 ማሳቹሴትስ ምርመራውን በሕግ ግዴታ አደረገች። የገትሪ የገዛ ልጁ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረበት፤ የሚስቱ እኅት ልጅ ደግሞ ፒኬዩ ነበረባት።

ወለላ ልጄ፣ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው። ባክቴሪያ ይህን በሽታ ሊበላው ይችል እንደ ሆነ እናንተ ትጠይቃላችሁ። ሊያየው እንደሚችል ግን ከተረጋገጠ ስድሳ ዓመት አልፎታል። በአገራችን አራስ ሕፃናትን ሁሉ የሚያዳርስ ማጣሪያ የለም። ፌኒልአላኒን ሲያገኝ ቀለም የሚያወጣ ባክቴሪያ ብትሠሩ፣ ወይም ሕዋሱ ራሱ ሳይኖር ኢንዛይሙን ብቻ በወረቀት ላይ ብታደርቁ፣ ጣናም የሚፈራው አይደርስም፤ ያቺ ወጣት ሐኪም ውጭ አገር ሳትልክ ራሷ ባወቀች ነበር።

---

ነርስ ከሐይፋ

መምህር፣ ያሉትን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። እስራኤል ውስጥ በአራሳት ክፍል እሠራለሁ፤ ተረከዝ መውጋት የየዕለት ሥራዬ ነው። እዚህ ማጣሪያው ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ። ከየመን በመጡ አይሁዳውያን ዘንድ ፒኬዩን የሚያመጣ አንድ ዓይነት የጂን ጉድለት በብዛት መገኘቱ ስለ ታወቀም ጉዳዩ በደንብ ተጠንቷል። ዛሬ የገትሪ ዘዴ ቀርቶ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል መሣሪያ ከአንድ ጠብታ ብዙ በሽታ በአንድ ጊዜ ይታያል።

ግን ምርመራው የሚሠራው ከጀርባው ሌላ ነገር ስላለ ነው። ውጤት ሲወጣ በዚያው ቀን ስልክ ይደወላል፤ ዱቄቱ በመንግሥት ወጪ ይሰጣል፤ የምግብ ባለሙያ አለች፤ ደሙ በየሳምንቱ ይለካል። ዱቄቱ በሌለበት አገር ለአንዲት እናት «ልጅሽ ይህ አለበት» ብሎ ማሰናበት ምን ይባላል? ሕክምናውን የሚያቀርብ ሳይኖር ምርመራ ማቅረብ ይከብደኛል። ተማሪዎቹ በሕክምናው ይቀጥሉ ባይ ነኝ።

---

እናት ከአዲስ አበባ

እኅቴ፣ በቅንነት እንዳሰብሽልን አውቃለሁ። ነገር ግን በእኔ ቦታ ሆነሽ አስቢው። በተወለደ ሳምንት ቢነገረኝ ኖሮ ዱቄቱን ለማግኘት ቤቴን እሸጥ ነበር። ሽሮ ለምኜ ባበላሁት ወራት ቡላ አበላው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አንጎሉን የጎዳው እኔ በእጄ ያጎረስኩት ምግብ ነው። ማወቅ ያለ መድኃኒትም ብዙ ነው። እባክሽ ማወቁን አትንፈጉን።

---

ነርስ ከሐይፋ

ይህን ከእርስዎ ከሰማሁ በኋላ ምርመራው ይቅር ማለት አልችልም። አንድ ጥያቄ ግን አይቀርም፦ ዱቄቱን ማን ያመጣዋል? በዚህ ክር ውስጥ የጤና ሚኒስቴርን አሠራር የሚያውቅ ካለ፣ ለጥቂት ሕሙማን ብቻ የሚያስፈልግ የምግብ ዱቄት ከቀረጥ ነፃ የሚገባበት መንገድ አለ ወይ? እኔ በበኩሌ ጊዜው ያላለፈበት ዱቄት ለመላክ የሚተባበሩ የሥራ ባልደረቦችን አነጋግራለሁ። እናታችን፣ በግል መልእክት ይጻፉልኝ።

---

ወለላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጽሑፎቻችሁን ለቡድኔ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ ረጅም ውይይት አደረግን።

በመጀመሪያ ለእናታችን ጥያቄ በእውነት ልመልስ። ስሌቱን ሠራን። 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ በሰዓት 1 ማይክሮሞል ፌኒልአላኒን ይሰብራል ብለን እናስብ፤ ይህን የራሳችን ልኬት ነው የሚያረጋግጠው ወይም የሚሽረው። ልጁ 100 ቢሊዮን ቢወስድ፣ ባክቴሪያዎቹም አንጀት ውስጥ 4 ሰዓት ቢሠሩ፣ የሚሰብሩት 400 ማይክሮሞል ነው፤ 66 ሚሊግራም። የእንሰት ልጅ በነገሩን መሠረት ወደ ፕሮቲን ሲለወጥ 1.3 ግራም ይሆናል። መጠኑን አሥር እጥፍ ብናደርገው በወረቀት ላይ 13 ግራም ይደርሳል፤ ነገር ግን ጨጓራ ውስጥ አሲድ አለ፣ አንጀት ውስጥ ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ነው፣ የሚሞተውም ብዙ ነው። ስለዚህ እናታችን፣ ልጅዎ እንደ ማንኛውም ልጅ እንዲበላ አያደርገውም። ቢሳካ እንኳ በዛሬው ግምታችን የጥቂት ማንኪያ ምግብ ጭማሪ ነው፤ ያውም ከብዙ ዓመታት ሙከራ በኋላ።

ፕሮጀክቱን እንዲህ አድርገን ቀይረነዋል። ፓል ያለበትን ኒስል እንሠራለን፤ የምንመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ሥራውን የሚገድበው ኢንዛይሙ ነው ወይስ አጓጓዡ? አንዱን ዝርያ ከተጨማሪ አጓጓዥ ጋር፣ ሌላውን ያለ እሱ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሕዋሱ ተፈጭቶ ኢንዛይሙ ብቻ ቀርቶ እናነጻጽራለን። የተፈጨው ከሕያው ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ከሠራ ማነቆው በሩ ነው ማለት ነው። ያንኑ የተፈጨ ኢንዛይም በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቀን በ120፣ በ360፣ በ600 እና በ1200 ማይክሮሞል ፌኒልአላኒን መካከል መለየት ይችል እንደ ሆነ እንፈትሻለን። መምህር፣ ይህ የእርስዎ ሐሳብ ነው። ሕያው ባክቴሪያ ከወረቀቱ ላይ አይኖርም። የሰው ደምም አንነካም፤ የምንጠቀመው ፌኒልአላኒን የተጨመረበት የበግ ደም ነው፤ ለላቦራቶሪ ተብሎ የሚሸጥ።

ሊያ፣ «ፈውስ» የሚለውን ቃል ከፖስተሩ አወጣነው። ስለ እርግዝና የጻፍሽውንም፣ ከፈቀድሽልን፣ ስምሽን ሳንጠቅስ በገለጻችን ውስጥ ማካተት እንፈልጋለን።

---

ሊያ ከፍራንክፈርት

ፈቅጃለሁ። ስሜንም መጥቀስ ትችላላችሁ።

---

ዳሞት

አሁን የተማሪ ፕሮጀክት ሆነ፤ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ያዙ።

ፓል የሚያመነጨው ሲናሚክ አሲድ በ290 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ብርሃን ይውጣል፤ ልኬታችሁ በዚያ ይሁን። ተራ የፕላስቲክ ፕሌት (ናሙና የሚቀመጥበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) ግን ያንን ብርሃን ራሱ ይውጠዋል። አልትራቫዮሌት የሚያሳልፍ ፕሌት ወይም የኳርትዝ ኩቬት (ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ የመለኪያ ዕቃ) ከሌላችሁ ማሽኑ የሚሰጣችሁ ቁጥር ሁሉ የፕላስቲኩ ነው። ባክቴሪያውንም ስትለኩ ከእርሾ ጭማቂ ከተሠራው መደበኛ ማብቀያ አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ኤም9 በሚባል ቀላል የጨው ማብቀያ ውስጥ አድርጉት፤ መደበኛው ማብቀያ በዚያው የሞገድ ርዝመት ብርሃን ይውጣል።

ለወረቀቱ ደግሞ 290 ናኖሜትር አይሠራም፤ በዓይን አይታይምና። ፓል ሲሠራ አሞኒያም ይለቃል፤ ቀለሙን ከአሞኒያው ለማውጣት ሞክሩ። ደም ውስጥ ቀድሞ ያለ አሞኒያና ዩሪያ እንዳያሳስታችሁ ኢንዛይሙ የሌለበት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። በ120 እና በ360 መካከል መለየት እንደሚያስቸግራችሁ ከአሁኑ ዕወቁ፤ 1200ን መለየት ብቻ ከቻላችሁም የእናታችን ልጅ ዓይነቱን ሕፃን ይይዛል።

የመለኪያ ኩርባችሁን (የታወቀ መጠን ምን ያህል ንባብ እንደሚሰጥ የሚያሳየውን) ስትጨርሱ እዚህ ለጥፉት፤ አየዋለሁ።

---

ወለላ

የኳርትዝ ኩቬት ጎረቤታችን ካለው ላቦራቶሪ በውሰት አግኝተናል። ጂኑ ታዟል፤ ሲደርስ ክሎኒንጉን፣ ማለትም ጂኑን ባክቴሪያው ውስጥ ማስገባቱን፣ እንጀምራለን። ኩርባውን እዚሁ እለጥፋለሁ።